ሳይደርሱኝ የመሰከርኩላቸው ዓሣዎች

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለዓሣዎቹ ነው። ልጄ ማርቲ ናት፣ «እማ፣ ምግብ የሰጠሽበትን ሰዓት፣ ውኃ የቀየርሽበትን ቀን ሁሉ ጻፊ፤ ጀማሪ ዝም ብሎ ከገባበት ይገድላቸዋል» ያለችኝ። ባንክ ስለምትሠራ ያልተጻፈ ነገር አይዋጥላትም። እሺ፣ ይኸው ጻፍኩ። ዓሣዎቹ ግን ገና አልመጡም።

አኳሪየሙ ደርሷል። አገር ለቀው ከሚሄዱ ጎረቤቶች ነው የገዛሁት። ጸጉር ቤቴ ውስጥ፣ ከጸጉር ማድረቂያ ካስኮቹ ፊት ለፊት አቆምኩት። ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት ጆሮዋ ስለሚደነቁር ወሬዬን አትሰማም፤ ቢያንስ የምታየው ነገር ይኑራት። አሸዋውን ጥርት እስኪል አጠብኩ፣ ውኃውን ከሮቶ ቀዳሁ። ባለቤቴ የማነ በር ላይ ቆሞ «ሰው በፈረቃ እየታጠበ ዓሣ በሮቶ» አለና ጃንጥላውን ይዞ ወጣ። መብራቱን ሳበራው ግን ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ።

ደንበኞቼ ምን ልታመጪ ነው ይላሉ። ዓሣ እላለሁ። ብርቱካንማ፣ ጭራው እንደ ሙሽራ ቬሎ የሚጎተት። ሐምሌ በፈረንሳይ ዳገት ላይ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም እንደ ደንበኛ በር ገፍቶ ይገባል። በዚህ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ነገር አማረኝ፣ ምን ላድርግ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ቴሌግራም ላይ አንድ ቻናል አገኘሁ። «ሕያው ውኃ የጌጥ ዓሣዎች» ይላል። ባለቤቱ ወንድም ኤልቃና ይባላል። ጻፍኩለት፣ ወዲያው በድምፅ መለሰልኝ። «እህት አሳየች፣ ጌታ ይባርክሽ» ብሎ ነው የሚጀምረው። የተረጋጋ ድምፅ ነው፣ የዘማሪ ይመስላል። ዋጋው የመገናኛ ሱቆች ከሚሉት ግማሽ ነው። ለምን እንደሚረክስ ጠየቅሁት፤ አገልግሎትም ጭምር ነው እህቴ አለኝ።

ማርቲ ደግሞ ትመክረኛለች። መጀመሪያ ቪዲዮ ይላክልሽ፣ ዓሣው አጠገብ ስምሽንና የዛሬን ቀን በወረቀት ጽፎ ያሳይሽ፣ ሳትቀበዪ ብር እንዳትልኪ አለች። የማነም ከሶፋው ላይ ሆኖ «ሰውየውን አይተሽዋል?» አለ።

ድምፁን ሰምቻለሁ አልኩት።

ቪዲዮውን ግን መጠየቅ አፈርኩ። ጌታ ይባርክሽ ያለን ሰው «ስሜን በወረቀት ጽፈህ አሳየኝ» ማለት ሌባ ነህ ከማለት በምን ይለያል?

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ላክሁ። ሙሉውን። ስልኩ ላይ የመጣው የተቀባይ ስም ኤልቃና አይደለም፣ ምሥጋና ነው የሚለው። ትንሽ ቆም አልኩ። ከዚያ ሚስቱ ትሆናለች ብዬ አሰብኩ፤ እንዲያውም ስሙ ራሱ ደስ አለኝ። ለማርቲ ስንቀበል ነው የምንከፍለው ብያታለሁ። ዓሣው ሲመጣ ማን ያስታውሰዋል።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ዛሬ አንድ ነገር አደረግኩ፤ ልክ ይሁን አይሁን አላወቅሁም፤ ልክ ነው ግን።

ኤልቃና ደወለ። ምስክርነት በድምፅ ለሚልኩ ደንበኞች የውኃ ማጣሪያ ፊልተር በነፃ እንሰጣለን አለኝ። ገና ሳይደርሰኝ ምን ብዬ እመሰክራለሁ አልኩት። ሳቀና «እህቴ፣ እኛ በእምነት አይደለም እንዴ የምንኖረው?» አለኝ። እውነቱን እኮ ነው። በረቡዕ የቤት ኅብረታችን ሥራ ያላገኘው ስለ ሥራው ያመሰግናል፣ ቪዛ ያልመጣላት ስለ ቪዛዋ እልል ትላለች። እኔ ራሴ ይቺን ጸጉር ቤት የተከራየሁት ቁልፉን ሳልይዝ አመስግኜ ነው።

ስለዚህ ጓዳ ገብቼ ድምፄን ቀዳሁ። «አሳየች እባላለሁ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ጸጉር ቤት አለኝ። ዓሣዎቼ ደርሰውኛል፣ ጤነኞች ናቸው፣ ወንድም ኤልቃናን ያላመነ ማንን ያምናል...» እያልኩ ቀጠልኩ፤ ረዘመብኝ። መልሼ ስሰማው ድምፄ አማረኝ። ያየኋቸው ያህል ነው የተናገርኩት። ኤልቃና ቻናሉ ላይ ከላይ ሰቀለው፤ ሰዎች ልብ እየላኩበት ነው።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ትናንት ይደርሳል ተብሎ ነበር። አልደረሰም። ዝናብ ነው አለ። ሁለት ሙሽሮች ስላሉብኝ በኋላ እጽፋለሁ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ዓሣዎቹ ለይቶ ማቆያ ገብተዋል፤ ለማስወጫ ተጨማሪ ክፍያ አለ ይላል። ላክሁ። ካልላክሁ ይሞታሉ ሲለኝ ምን ልበል? ደንበኞች «ዓሣዎቹስ?» ይላሉ። ውኃው እየተዘጋጀ ነው እላቸዋለሁ። ይሄ ውሸት አይደለም። ማርቲ ራሷ አዲስ አኳሪየም ዓሣ ሳይገባበት ሳምንታት መቆየት አለበት፣ ውኃው መብሰል አለበት ብላለች። በሰለ እንግዲህ። ፓምፑ ቡልቅ ቡልቅ ይላል ቀኑን ሙሉ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጂቱ ጸጉሯን ልትሠራ መጣች። ጂቱ የካ ሚካኤል አካባቢ የሕፃናት መዋያ አላት። ኅብረት አብረን ነን፣ እህት ማለት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ በቀር ማንም ጸጉሯን አይነካም። ዶክተር ሲያስፈልጋት እኔን ትጠይቃለች፣ ቧንቧ ሠራተኛ ሲጠፋባት እኔን። ማን ደህና ነው፣ ማን ያጭበረብራል፣ ይህ ሁሉ ወሬ እዚህ ወንበር ላይ ነው የሚገኘው።

ካስክ ሥር ሆና እየጮኸች (ካስክ ሥር ያለ ሰው የሚያወራው በጩኸት ነው) ድምፅሽን ቴሌግራም ላይ ሰማሁት አለችኝ። ደረሱልሽ ወይ አለች። ለመዋያው ዓሣ ልግዛ ብዬ ነው፣ በመስከረም ልጆቹ ሲመለሱ ላስገርማቸው አለች።

ሳቅሁ። ካስኩ ይጮኻል፣ ቀለም የተቀባችው ሴትዮ ትጠራኛለች፤ ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም። ሰውየው ደህና ነው ያልኩ መሰለኝ። እስካሁንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ኤልቃና የለም። ማለቴ እኔ ጋ የለም። ፎቶው ጠፋ፣ የምልከው አይደርስም፣ ስደውል አይጠራም። ከቻናሉም አስወጥቶኛል፤ መልሶ አያስገባኝም። ማርቲን እንደ ቀልድ አድርጌ ይሄ ምን ማለት ነው አልኳት። «ብሎክ አድርጎሽ ነው እማ» አለች። ከዚያ በራሷ ስልክ ቻናሉን ከፍታ የዓሣዎቹን ፎቶ ስታጎላ ቆየችና ሳቀች። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት የኛ አገር ሶኬት አይደለም። የፈረንጅ ቤት ፎቶ ነው። «እንኳን ብር አልላክሽ» አለችኝ።

እንኳን አልኩ።

ድምፄ ግን እዚያው ላይ ነው። አጫውታ አሰማችኝ። ብዙ ሰው ሰምቶታል። እኔ ማውረድ አልችልም። ስለ ጂቱ አሰብኩ፤ ሥራ ይበዛባታል፣ እስካሁን ረስታዋለች።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ከሰዓት አንዲት የማላውቃት ሴት ገባች። ከሾላ ገበያ ነው የመጣችው፤ ቅመም ትሸጣለች፣ በርበሬው ከልብሷ ይሸታል። ሀናን እባላለሁ አለች። ጸጉሬን እጠቢልኝ ስላለች መጋረጃውን ሳብኩላት፣ ሻሿን ፈታች፣ እኔም እንደ ልማዴ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ አወራለሁ። ድንገት ከገንዳው ቀና ብላ አየችኝ። ጸጉሯ ይንጠባጠባል።

«እርስዎ ነዎት» አለች። «ድምፅዎን ብዙ ጊዜ ነው የሰማሁት።»

እናቷ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ስላዞሩ የሚያዩት ነገር ላምጣላቸው ብላ ነው ከኤልቃና ዓሣ ያዘዘችው። አልመጣላትም። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ቀስ ብላ «ለእርስዎ እንዴት መጣልዎት? እኔ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። ትእዛዙን ስትጽፍ የተሳሳተች መስሏታል። ከእኔ ልትማር ነው ዳገቱን የወጣችው።

አኳሪየሙን አየች። ባዶውን። እኔም አየሁት።

ቤት ናቸው አልኳት። ወደ ቤት ወስጃቸዋለሁ፣ እዚህ ጸጉሩም ቀለሙም አይስማማቸውም አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አመሰገነችኝ። የእጥበቱን አልቀበልም ብላት ወንበሩ ላይ ትታ ሄደች። በሩን ስትዘጋ በጥንቃቄ ነው፣ ብርድ እንዳይገባብኝ።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

የማነ ጸጉር ቤት መጥቶ ፓምፑን ነቀለው። «ለማን ነው የሚነፋው?» አለ። እሱ የሚያውቀው ነገር አለ። መልሼ ሰካሁት። ዝም ሲል ይብሳል።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ጂቱ ዛሬ ሹሩባ ነው የተሠራችው። ቸኩላ ነበር። መዋያውን ቀለም እያስቀባች ነው፣ አንዱን ግድግዳ ሰማያዊ። ስለ ዓሣ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። አንስታ ቢሆን እነግራት ነበር።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ኅብረታችን በእትዬ ወርቅአየሁ ቤት ነበር። የምስጋና ርዕስ ሲጠየቅ ጂቱ ተነሣች። የመዋያው ቀለም ቅብ አለቀ፣ አኳሪየሙ ተተከለ፣ ወላጆች ተደስተው አዋጥተዋል፤ የዓሣዎቹን ግማሽ ከፍያለሁ፣ ቀሪውን ዓርብ ልኬ ለመስከረም ይደርሳሉ አለች። ቀጥላም «ያገናኘችኝ አሳየች ናት፤ እሷ ባትኖር ቴሌግራም ላይ ሰው አላምንም ነበር» አለች። ሴቶቹ አጨበጨቡ። እትዬ ወርቅአየሁም ወደ እኔ ዞረው «በይ እንግዲህ አሳየች፣ ስለዚህ ነገር አንቺው ጸልዪልን» አሉኝ።

ጸለይኩ።

ከሁሉም ረጅሙን የጸለይኩት እኔ ነኝ። በመንገድ ጠብቃቸው አልኩ። ዓሣዎቹን ማለቴ ነው። ልጆቹን ደስ እንዲላቸው አልኩ። ዐይኔን ጨፍኜ ፓምፑ ይሰማኛል፣ እዚያ ቤት ፓምፕ የለም። አሜን ሲሉ ጂቱ እጄን ያዘች፤ እጄ በረዶ ሆኖባት አሸችልኝ።

ብር የላከችው መቼ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። እንዴት ልወቅ? ልትገዛ እንደምትችል እንጂ እንደገዛች አልነገረችኝም። ይህን ስጽፍ ለማን እንደምጽፍ አላውቅም። ይህ ደብተር የዓሣ ደብተር ነው። ማርቲ እንዳታገኘው ፎጣዎቹ ሥር ነው የምደብቀው።

ነገ እነግራታለሁ።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ብዙ ሰው ነበር። አልተመቸኝም።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ጠዋት ደንበኞችን ትቼ ሄድኩ። ታክሲው ስለዘገየ በእግሬ ቀጠልኩ፤ ጎርፉ አስፋልቱን ይዞ ይወርዳል፣ እኔ እወጣለሁ። መንገዱን ሙሉ የምለውን አዘጋጀሁ። በመጀመሪያ እኔም ተጎጂ ነኝ እላለሁ። ከዚያ ገና ሰሞኑን ነው ያወቅሁት እላለሁ።

ጂቱ ሰማያዊው ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ትልቅ አኳሪየም፣ ከእኔው በጣም የሚበልጥ። ሥሩ ትንንሽ ወንበሮች ደርድራለች፣ ልጆቹ ቁጭ ብለው እንዲያዩ። ገና ስገባ ፊቷ በራ፤ አሁን ላክሁለት እኮ አለችኝ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። ጂቱ፣ ሰውየው አጭበርባሪ ነው አልኳት።

አልገባትም መጀመሪያ። ያንቺ ዓሣዎችስ አለች። የለኝም አልኳት። አንድም ዓሣ መጥቶልኝ አያውቅም።

ወንበሮቹን አየች። «ቤት ናቸው፣ ይበላሉ፣ ሲያዩኝ ወደ መስተዋቱ ይመጣሉ አልሽኝ እኮ» አለች። «ስም እንዳወጣሽላቸው ነገርሽኝ። ካስክ ሥር ሆኜ በራስሽ አፍ።»

እንደዚያ ብዬ ነበር። አሁን ስጽፈው ትዝ ይለኛል። አንዷን ልዕልት ብያት ነበር።

እኔም ተሸውጄ ነው አልኩ። ስለ ፊልተሩ፣ በእምነት ስለመመስከር፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጂቱ ሰው ስትቆጣ የምትጮህ ሴት አይደለችም። «ያ ሰውዬ ሌባ ነው፤ ሥራው ነው። እኔ እሱን መች አውቀዋለሁ? ያመንኩት አንቺን ነው» አለች። ከዚያም ረቡዕ ምን ብለሽ እንደጸለይሽ ታስታውሻለሽ አለችኝ።

ብሩን እከፍላለሁ አልኳት። «ትከፍያለሽ» አለች። «የወላጆች ነው፣ ግድ ነው። ድምፅሽስ?»

ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅሁ። አሁንም እዚያ ላይ ሰው እየጠራ ነው አለች። በዚያው ድምፅሽ እውነቱን ተናገሪ፤ ከዚያ በፊት እዚህ አትምጪ አለችኝ። በሩ ድረስ አልሸኘችኝም። ሁልጊዜ እስከ አስፋልቱ ነበር የምትሸኘኝ።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ለየማነና ለማርቲ ነገርኳቸው። ማርቲ አለቀሰች፤ ስለ ብሩ አይደለም፣ ስለዋሸኋት። የማነ አውቄያለሁ አለ። ለምን ዝም አልክ ስለው «እስክትነግሪኝ ስጠብቅ» አለኝ።

ድምፁን ልቀዳ ሞከርኩ። ጓዳ ገባሁ፣ ቀዳሁ፣ ሰማሁት፣ አጠፋሁት። አሁንም ደግሜ ቀዳሁ። ችግሩ ምን እንደሆነ ማርቲ ነገረችኝ። «እማ፣ ተጭበርብሬያለሁ እያልሽ ሎተሪ የወጣልሽ ትመስያለሽ።» እውነት ነው። ድምፄ እንዲህ ነው የተፈጠረው። ሰው ሞቶ ሳረዳም እንደዚሁ ነው ይሉኛል።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ጓዳውን ትቼ ሥራ ቦታዬ ቀዳሁት፣ ደንበኞች እያሉ። ካስኩን አጥፍቼ ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ብዬ። ስሜን፣ ጸጉር ቤቴን፣ የቻናሉን ስም ተናገርኩ። ዓሣ እንዳልደረሰኝ፣ ሳይደርሰኝ እንደመሰከርኩ፣ ካወቅሁ በኋላም ለጠየቁኝ ሰዎች ቤት ናቸው እያልኩ እንደዋሸሁ። ጂቱን በስም አልጠራኋትም። ድምፄ ምን እንደሚመስል መልሼ አልሰማሁትም። ለኅብረቱ ግሩፕ ላክሁ፣ ማርቲ ደግሞ ባገኘችው የሰፈርና የገበያ ግሩፕ ሁሉ ላከችው።

ቀለም የተቀባችው ደንበኛዬ ለረጅም ጊዜ በመስተዋቱ አየችኝ። «ቆይ፣ ያ የላክሽኝ የጥርስ ሐኪም ግን ደህና ነው አይደል?» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም መሳቅ ፈለግሁ።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ሾላ ሄጄ ሀናንን ፈልጌ አገኘኋት። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ ምንም አልተሳሳቱም አልኳት። ድምፁን ሰምታዋለች። በርበሬ እየሰፈረች ነበር፤ ቀና ሳትል «እኔስ ለእናቴ በየቀኑ ነገ ይመጣል እላቸው ነበር» አለች። ሌላ ደንበኛ መጣባት። ትንሽ ቆሜ ሄድኩ።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

ስልኩ ይደወላል። አንዳንዱ ይሰድበኛል። አንዷ ባንቺ ምክንያት ሳልልክ ቀረሁ ብላ መረቀችኝ፤ ከስድቡ የባሰ አፈርኩ። ቅዳሜ ጂቱ አልመጣችም። ሌላ ቦታ ተሠርታ አይተናታል አሉኝ፤ ሹሩባው ጥሩ ነው አሉ። አኳሪየሙን አልነቀልኩትም። «ዓሣዎቹስ?» የሚል የለም አሁን።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ጂቱ ደወለች። ሰላምታ የለም። መገናኛ አንድ የጌጥ ዓሣ ሱቅ አለ አሉኝ፣ ልጆቹ ሐሙስ ሳምንት ይመጣሉ፣ እኔ ከመዋያው መውጣት አልቻልኩም፤ ሂጂና እዪልኝ አለች። ጂቱዬ ብዬ ስጀምር «እሱን ተዪው፤ እዚያ ስትደርሺ ደውዪ» ብላ ዘጋችው።

ጠባብ ሱቅ ነው። ሙቅ፣ የረጠበ አሸዋ የሚሸት። ከወለል እስከ ጣሪያ መስተዋት፣ በየመስተዋቱ ውስጥ ዓሣ። እውነተኛ። ክረምቱን ሙሉ ስለ ዓሣ ሳወራ ከርሜ በሕይወት ያለ ዓሣ በቅርብ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እንባዬ መጣ። ብርቱካንማው አለ፣ ባለ ቬሎው አለ። በቪዲዮ ደወልኩላት። «ጂቱ፣ ብታዪ እኮ፣ እንዴት እንደሚያምሩ፣ አንዱማ ልክ እንደ...»

«አትንገሪኝ» አለች። «አሳዪኝ።»

አፌን ዘጋሁ። ስልኩን አዞርኩት። ከአንዱ መስተዋት ወደ ሌላው ቀስ እያልኩ ወሰድኩላት። ባለሱቁ ያናግረኛል፤ ዋጋው ይሄ፣ ምግቡ ይሄ ይላል፤ ለእኔ ሳይሆን በስልኩ ለእሷ ንገራት ብዬ በእጄ አመለከትኩት። ጂቱ ቀኑን፣ ስሙን፣ ሱቁ ቋሚ መሆኑን፣ ከሞተ ይቀይር እንደሆነ ራሷ ጠየቀችው፤ ራሷ ሰማች።

ጥግ ላይ አንዲት ጥቁር ዓሣ አለች፤ አትንቀሳቀስም። ያቺ ለምን ትቆማለች አለች ጂቱ። ተኝታ ነው ልል ከንፈሬ ተከፍቶ ነበር። አላውቅም። ምኑን አውቄ።

ስልኩን አስጠጋሁላት። ጂቱ በዚያኛው በኩል ስትተነፍስ ይሰማኛል። ጥቁሯ ጭራዋን አንዴ አወዛወዘች፣ ከዚያ ዞረች፣ ከዚያ ወደ መስተዋቱ መጣች።

«እሺ» አለች ጂቱ። «ሌላውን ደግሞ።»

እጄ ዝሏል። አላወረድኩትም።